የደረት ራጅ ስናነብ የሚያሳስቱን ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ ቲቢን ለመለየት የትኛው የራጅ ፊልም ይሻላል፣ ትልቁ ወይስ ትንሹ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ሊመልስ ተነሳ። በፊልሞቹ መካከል የታየው ልዩነት ግን በአንባቢ ሐኪሞቹ መካከል ከታየው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ያው ሐኪም እንኳ ያንኑ ፊልም ቆይቶ ሲያየው ሌላ መልስ ይሰጥ ነበር። የዛሬ ኢንተርኖችም (ተለማማጅ ሐኪሞች) ይህን ከወዲሁ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር አግኝቶ ማቆም። በጣም የምፈራው ይሄንን ነው። የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ራጅ መጣ እንበል። የጎድን አጥንት ስብራቱ ወዲያው ይታያል። "አገኘሁት!" ብለን እናርፋለን። ከላይ፣ ክላቪክሉ (የአንገት ሥር አጥንቱ) አካባቢ ግን አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አለች። ከእሷ ወዲያ የሳምባ የደም ሥር አይታይም። በሳምባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ከስብራቱ ይልቅ ነፍስ የሚያሰጋው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያየነውን እንመዝግብና ፍለጋውን እንደ አዲስ እንጀምር።

የሚፈለገውን ብቻ መፈለግ። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣ ጥናት ላይ 24 ራዲዮሎጂስቶች በሳምባ ሲቲ ስካን ላይ ትንንሽ እብጠቶችን ይፈልጉ ነበር። አጥኚዎቹ በመካከል የጎሪላ ምስል ከተቱ፤ ከተለመደው እብጠት 48 እጥፍ ይበልጣል። 20ዎቹ አላዩትም። ይባስ ብሎ ከነሱ አብዛኞቹ ዓይናቸው በቀጥታ አርፎበት ነበር! በደረት ራጅ ላይ የሳምባው ጫፍ፣ የልብ ጀርባ፣ የሳምባው ሥር (የደም ሥሮችና የአየር ቧንቧዎች የሚገቡበት) እና ከዲያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በታች ያለው ቦታ ሁልጊዜ በተራ መታየት አለባቸው።

ራጁን ያዘዘው ሐኪም በሚልከው መጠየቂያ ወረቀት መነዳት። "ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ቲቢ?" ተብሎ ሲጻፍ ላይኛው ሳምባ ላይ ያለ ጥላ ሁሉ ቲቢ ይመስላል። ቲቢ በበዛበት አገራችን ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ወራት ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ሊውጥ ይችላል። ፊልሙን መጀመሪያ ብቻውን እንየው፣ ከዚያ ወረቀቱን እናንብብ፣ ከዚያ ተመልሰን እንየው።

የቀድሞውን ራጅ መተው። ካለ ይፈለግ። የቀድሞውን ሪፖርት ግን የራሳችንን ሳንጽፍ ባናነበው ይሻላል፤ የሌላ ሰው ስህተት ይጋባል።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መፍረድ። "ይሄ እንዴት ያመልጣል?" ማለት ቀላል ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የት እንዳለ የተነገረው ዓይን ያየዋል። ባልደረባችን የሳተውን ፊልም በእውነት መመዘን ከፈለግን፣ ከሌሎች ፊልሞች ጋር ቀላቅለን፣ ምንም ሳንናገር ለሌላ ሐኪም እናሳየው።