በኤዲተሩ ሼል ውስጥ ከርሰሩ አልታዘዝ ሲል

ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን የጤፍ ዋጋ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፉ ነው እንበል። ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተር (የፕሮግራም መጻፊያ) ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት ላይ ትእዛዝ ጻፉ፤ አንድ ፊደል ተሳሳቱ። የግራ ቀስቱን ሲጫኑ ከርሰሩ (የሚጽፉበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት) ሌላ ቦታ ሄዶ ቁጭ! ኤዲተሩን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ በሞባይል ዳታ እንደገና ማውረዱም ኪስ ይጎዳል።

1. ያንኑ ትእዛዝ ከኤዲተሩ ውጪ፣ በተራው ተርሚናል ላይ ይሞክሩት። እዚያም ካስቸገረ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሼሉ ላይ ነው፤ ሼል ማለት ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ነው። እዚያ ደህና ከሆነ ኤዲተሩ የሚከፍተው ሼል ሌላ ሊሆን ስለሚችል እሱን ይፈትሹ።

2. ቀስቱን ሲጫኑ ^[[ የመሰለ ነገር ከታተመ፣ ቁልፉ የላከውን ምልክት ሼሉ አልተረዳውም። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ አንዱ ምክንያት ዳሽ የሚባለው ቀላል ሼል መከፈቱ ነው። በኤዲተሩ ሴቲንግ ውስጥ መነሻ ሼሉን ባሽ (bash) የሚባለው ሼል ያድርጉት።

ኢማክስ የሚባለውን ሌላ ኤዲተር የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በሼል መስኮቱ የላይ ቀስት ከርሰሩን በጽሑፉ ላይ ወደ ላይ ይወስደዋል እንጂ የቀድሞ ትእዛዝ አያመጣም። ብልሽት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። አልት እና ፒ ይጫኑ።

3. ረጅም ትእዛዝ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ በራሱ መጀመሪያ ላይ ከተደረበ፣ ፕሮምፕቱን፣ ማለትም ሼሉ ከትእዛዝዎ በፊት የሚያሳየውን ጽሑፍ ይጠርጥሩ። በውስጡ ያሉት የቀለም ኮዶች ለዓይን አይታዩም፤ ሼሉ ግን እንደ ፊደል ይቆጥራቸዋል። ባሽ ላይ እያንዳንዱ የቀለም ኮድ በ \[ ተጀምሮ በ \] መዘጋት አለበት። ለመፈተን የፕሮምፕቱን መልክ የሚይዘውን ፒኤስ1 (PS1) የሚባለውን ተለዋዋጭ ለጊዜው የዶላር ምልክት ብቻ ያድርጉት። ከርሰሩ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ።

4. አሁን ወደ እኛው ጣጣ። የፋይሉ ስም «ጎጃም» ቢሆን ለዓይን 3 ፊደል ነው። ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ስልት ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ትንሽ የመረጃ መለኪያ) ስለሚይዝ 9 ባይት ይሆናል። የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ ሼሉ ባይቱን እንደ ፊደል ይቆጥራል። ባክስፔስ ሲጫኑ የፊደሉ ሲሶ ብቻ ይጠፋል፣ የተረፈው የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ከርሰሩም ቦታውን ይስታል።

የቋንቋ ቅንብሩን የሚያሳየውን ሎኬል (locale) የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። መልሱ ሲ (C) ወይም ፖዚክስ (POSIX) ብቻ ከሆነ፣ በባሽ ማስጀመሪያ ፋይል (.bashrc) ውስጥ ላንግ (LANG) የሚባለውን ተለዋዋጭ ዩቲኤፍ-8 ወዳለው ቅንብር ይቀይሩ። ኤልሲ-ኦል (LC_ALL) የሚባለው ተሞልቶ ከሆነ ላንግን ይሽረዋልና እሱንም ይዩት። ከዚያ ተርሚናሉን ዘግተው ይክፈቱ።

ለዚህ ሲሉ የፋይል ስማቸውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉ። እኔ አልመክርም። የሚስተካከለው ቅንብሩ እንጂ ፊደላችን አይደለም።

5. ሎኬሉ ልክ ሆኖም ፊደሎቹ ተደራርበው ይታያሉ? አንዱን ይሰርዙ። ያሰቡት ፊደል ከጠፋ ቆጠራው ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው ፎንቱ ነው። ተርሚናሉ ለሁሉም ፊደል እኩል ቦታ ይመድባል፤ እንደ «ሠ» እና «ጨ» ያሉት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋሉ። ሌላ ፎንት ይሞክሩ፤ ካልሆነም በቪኤስ ኮድ የተርሚናል ሴቲንግ ውስጥ በፊደሎች መካከል ያለውን ክፍተት ትንሽ ያስፉት።