በምግብ ፕላን ዲዝኒ ወርልድ የሚሄዱ ቤተሰቦች በሰዓት አመዳደብ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍሎሪዳ ውስጥ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው የመዝናኛ ፓርኮች ስብስብ፣ በራሱ ሆቴሎች ለሚያርፉ እንግዶች የምግባቸውን ዋጋ ከጉዞው በፊት አጠቃለው የሚከፍሉበት የምግብ ፕላን ያቀርባል። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የተቋረጠው ይህ አገልግሎት በጃንዋሪ 2024 በሁለት ዓይነት ተመልሷል። አነስተኛው ፕላን ለእያንዳንዱ ሰው በአዳር ሁለት የፈጣን መስተንግዶ ምግብና አንድ መክሰስ ይሰጣል። ከፍ ያለው ደግሞ አንድ የፈጣን መስተንግዶ ምግብ፣ አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ተቀምጠው የሚመገቡት አንድ ምግብ (የገበታ ምግብ) እና አንድ መክሰስ ይሰጣል። እነዚህ መብቶች ክሬዲት ይባላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው ዋጋ፣ ሁለት አዋቂዎችና ከ3 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለአራት አዳር ከፍ ያለውን ፕላን ሲገዛ ወደ 992 ዶላር ይከፍል ነበር። ይህ ለማንኛውም ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ አንዴ ከተከፈለ በኋላ የሚባክነው ወይም የሚተርፈው ሰዓት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ፕላኑን ከገዛም በኋላ «ከየትኛው ምግብ ቤት የበለጠ ዋጋ አወጣ ይሆን?» እያለ ሲያሰላ ከርሞ፣ ምግቡ በስንት ሰዓት ላይ እንደሚውል ሳያስብ ይሄዳል። ስህተቶቹን በክብደታቸው ሳይሆን በሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል አቀርባቸዋለሁ። ሰዓቶቹን የምጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ክሬዲቱን በቀን መቁጠር

ክሬዲት የሚሰጠው በአዳር ልክ እንጂ በቀን ልክ አይደለም። አራት አዳር የሚያድር ቤተሰብ በፓርኮቹ ውስጥ የሚያሳልፈው አምስት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ለአምስቱ ቀናት የሚኖረው ግን ለእያንዳንዱ ሰው አራት የፈጣን መስተንግዶ ምግብ፣ አራት የገበታ ምግብ እና አራት መክሰስ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ክሬዲቱ ለየቀኑ ተከፋፍሎ የተቆለፈ አይደለም። ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለት የገበታ ምግብ ተጠቅሞ በማግስቱ ምንም ሳይጠቀሙ መዋል ይቻላል። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር አንድ ወረቀት ወስዶ አምስቱን ቀናት በአግድም፣ ቁርስ፣ ምሳና እራትን በቁመት አስምሮ፣ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚርበውንና የሚደክመውን ሰዓት ካሰቡ በኋላ ክሬዲቶቹን በየሳጥኑ ማስቀመጥ ነው። ማታ ደርሰው ሆቴል የሚገቡ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ሳጥን ባዶ ይሆናል፤ ያ ቀን ያተረፈው ክሬዲት ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን ይቆይልዎታል።

በዚሁ ስሌት ውስጥ የሚረሳ ነገር አለ። እንደ ካሊፎርኒያ ግሪል ያሉ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ምግብ ቤቶች፣ እንዲሁም ከፓርኮቹ አንዱ በሆነው በማጂክ ኪንግደም ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውና የዲዝኒ ልዕልቶች ከእንግዶች ጋር የሚገናኙበት ሲንደሬላስ ሮያል ቴብል፣ ለአንድ ሰው ሁለት የገበታ ክሬዲት ይወስዳሉ። አራት ክሬዲት ያለው ሰው እነዚህን ሁለቱን ከያዘ የቆይታው የገበታ ምግቡ በሁለት ማዕድ አለቀ ማለት ነው። ልጅዎ ልዕልቶቹን ለማየት የምትጓጓ ከሆነ ይህ ተገቢ ወጪ ነው፤ ሳያውቁት የሚወጣ ከሆነ ግን ቀሪዎቹን ቀናት ያዛባል።

ሁለቱን የሰዓት አቆጣጠሮች ማምታታት

ይህ በእኛ ቤተሰቦች ላይ ብቻ የሚደርስ ስህተት ነው። ሜሪላንድ ያደገው ልጅ በስልኩ መተግበሪያ ላይ «12:00» የሚለውን የምሳ ቀጠሮ አይቶ፣ ታናናሾቹን ይዘው ለብቻቸው ወደ ሌላ ፓርክ ለሄዱት ከአዲስ አበባ ለመጡት አክስቱ «አክስቴ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ በር እንገናኝ» ይላቸዋል። አክስቱም ሕፃናቱን ሲያጫውቱ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተጣድፈው ይደርሳሉ። ምሳው ግን ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ቀጠሮ ይዞ ሳይሰርዝ የቀረ ሰው በአንድ ሰው 10 ዶላር ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ጉዳቱ በመራብና በመጠፋፋት ብቻ አያበቃም። መፍትሔው ቀጠሮውን በቃል ከመናገር ይልቅ የመተግበሪያውን ገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ፣ ቢቻል ደግሞ «ቀን፣ ልክ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን» ብሎ በማያሻማ ቋንቋ መጨመር ነው።

ቀጠሮ መያዣውን ጊዜ ማሳለፍ

ከፍ ያለውን ፕላን የገዛ ሰው ክሬዲቱን እንጂ ወንበሩን አልገዛም። አስተናጋጅ ባለባቸው ምግብ ቤቶች ቀጠሮ የሚከፈተው 60 ቀን ሲቀረው ነው፤ በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያርፉ እንግዶች ግን ሆቴል ከሚገቡበት ቀን 60 ቀን በፊት፣ እስከ 10 ቀን ድረስ ያለውን የቆይታቸውን ቀጠሮ በሙሉ በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላሉ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ለምሳሌ ለአምስተኛው ቀን የሚይዙት ወንበር፣ ሌላው ሕዝብ ሊይዘው ከሚችልበት ጊዜ አራት ቀን ቀድሞ ክፍት ይሆንልዎታል። ስለዚህ ሁሉም የሚሻማባቸውን ምግብ ቤቶች ወደ ቆይታዎ መጨረሻ ቢያስጠጓቸው የማግኘት ዕድልዎ ይሰፋል። በኢንተርኔት የሚከፈተው በኦርላንዶ ሰዓት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው በዚያን ጊዜ የእርሱ ሰዓት ሌሊት 9 መሆኑን አስቦ መንቃት አለበት።

የማለዳውን ወርቃማ ሰዓት ለቁርስ መስጠት

ከሁሉም በላይ የማዝንበት ስህተት ይህ ነው። በየትኛውም የዲዝኒ ፓርክ ሰልፉ አጭር የሚሆነው በሩ እንደተከፈተ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው። በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያርፉ እንግዶች ደግሞ ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ፤ ለዚህም መብት በሆቴሉ ዋጋ ውስጥ ከፍለዋል። ይህንን ሰዓት ያገኘ ቤተሰብ ቀትር ላይ ረጅም ሰልፍ የሚያስቆሙ ሁለት ሦስት መጫወቻዎችን በትንሽ ጥበቃ ሊጨርስ ይችላል። ታዲያ ይኸው ቤተሰብ ፓርኩ በሚከፈትበት በ3 ሰዓት ቡፌ ቁርስ ላይ ቀጠሮ ይይዛል። የዲዝኒ ገጸ ባሕርያት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ፎቶ የሚነሱበት ቁርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ ሲወጡ ፓርኩ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ልጆቹ ጠግበዋል፣ ፎቶውም ተነሥቷል፣ ቀኑ ግን ገና ሳይጀመር ተበላ።

የሚሻሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ቁርሱን በሆቴሉ ክፍል ውስጥ፣ ከሱፐርማርኬት በተገዛ ዳቦ፣ ሙዝና ወተት ቀለል አድርጎ ጨርሶ በር ከመከፈቱ በፊት መድረስ ነው። ለዚህ ክሬዲት ማውጣት አያስፈልግም። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ የገበታ ቁርሱን ወደ 4 ሰዓት ተኩል ማዘግየት ነው። በዚያ ሰዓት የማለዳው ጨዋታ አልቋል፣ ሙቀቱ መበርታት ጀምሯል፣ ሕፃናቱም መነጫነጭ ይጀምራሉ፤ በሰዓቱ የሚቀርበው ገበታ ቁርስንም ምሳንም ተክቶ እስከ ከሰዓት በኋላ ያቆያል። አንድ ክሬዲት ሁለት ማዕድ ሸፈነ ማለት ነው። ሆኖም ምግብ ቤቱ ቁርስ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያቀርብ ቀጠሮውን ሲይዙ ማየት ያስፈልጋል።

ሁሉም በሚራብበት ሰዓት መራብ

በፈጣን መስተንግዶ ቤቶች ሕዝብ የሚጨናነቀው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። በማጂክ ኪንግደም ኮዝሚክ ሬይስ በሚባለው ሰፊ ምግብ ቤት በ6 ሰዓት ከሩብ ላይ የገባ አባት፣ በአንድ እጁ ትሪ በሌላው የልጁን እጅ ይዞ፣ ሰዎች ከወንበር ይነሡ እንደሆነ ዓይናቸውን እያየ ሲዞር ይታያል። በትሪው ላይ ያለው ድንች እስኪቀመጥ ድረስ ቀዝቅዟል። ይኸው አባት በ5 ሰዓት ወይም በ8 ሰዓት ቢመጣ ያለ ሐሳብ ተቀምጦ ይበላ ነበር። የስልኩ መተግበሪያ ምግቡን በክሬዲት አስቀድሞ ለማዘዝ ያስችላል። ማለዳ ላይ የምሳውን መረከቢያ ሰዓት መርጠው ያዝዙና፣ በሩ ላይ ሲደርሱ መድረስዎን የሚያስታውቀውን ቁልፍ ሲጫኑ ወጥ ቤቱ ማዘጋጀት ይጀምራል። ቀድመው ካልመረጡ ግን ባዶ የሚቀሩት ሰዓቶች የማይፈልጓቸው ይሆናሉ።

በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ በተለይ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በማዕከላዊ ፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ነው። መብረቅ ሲኖር ከቤት ውጭ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። በዚያ ወቅት የሚሄድ ቤተሰብ የገበታ ምግቡን ለእራት ከማቆየት ይልቅ በ8 ወይም በ9 ሰዓት ላይ ቢያደርገው፣ ዝናቡንም ሙቀቱንም በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያሳልፋል። ላይትኒንግ ሌን የሚባለውን የሰልፍ ማሳጠሪያ ለገዙ ደግሞ፣ የመግቢያው ጊዜ በአብዛኛው የአንድ ሰዓት መስኮት ብቻ ስለሆነ ከገበታው ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ መያዝ ይገባል።

ርቀቱን ሳያሰሉ እራትን በሌላ ሆቴል መያዝ

በአኒማል ኪንግደም ሎጅ ውስጥ ያለው ቦማ የአፍሪካ ምግቦችን የሚያቀርብ ቡፌ ነው፤ ብዙ የሀገራችን ሰዎችም ስሙን ሰምተው ሊያዩት ይፈልጋሉ። ቦማ ቁርስና እራት እንጂ ምሳ አያቀርብም፤ ሆቴሉም በሞኖሬል (ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር) መስመር ላይ የለም፣ የሚደረሰው በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው። በዲዝኒ ሆቴሎች መካከል ደግሞ ቀጥታ አውቶቡስ ስለሌለ፣ ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በአንዱ ፓርክ ወይም ዲዝኒ ስፕሪንግስ በሚባለው የገበያና የመዝናኛ ስፍራ በኩል ቀይሮ መሄድ አለበት። ስለዚህ ቦማን የሚይዙት አኒማል ኪንግደም በሚውሉበት ቀን መሆን አለበት፤ ያ ፓርክ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚዘጋ፣ እንስሳቱን ሲያዩ ውለው ወደ ሎጁ ማለፍ ተፈጥሯዊ አካሄድ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ካሊፎርኒያ ግሪልን የማጂክ ኪንግደም ቀን ላይ ያድርጉት፤ ያለበት ሆቴል ከፓርኩ በር በእግር የሚደረስ ነው።

ጾሙን ከፕላኑ በኋላ ማስታወስ

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የበጋ ዕረፍት ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጣጠማል። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 ባለው ጊዜ የሚሄድ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ አንድ ነገር ከመግዛቱ በፊት ማወቅ አለበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ፕላን መግዛት ግዴታቸው ነው፤ ስለዚህ እናቴ ትጾማለች ብሎ እርሷን ከፕላኑ ማስቀረት አይቻልም። ፍልሰታን ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት በመሆኑ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሥጋና ወተት ለበዛበት ቡፌ የገበታ ክሬዲት ቢያወጣ ሰዓቱም ምግቡም አያገለግለውም። ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ በእኔ አመለካከት አነስተኛው ፕላን ይሻላል፤ ሁለቱ የፈጣን መስተንግዶ ምግቦች አንዱ ለ9 ሰዓት፣ ሌላው ለማታ በትክክል ይገጥማሉ፣ ቀጠሮም አያስሩም። በዲዝኒ ምናሌዎች ላይ ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት የተሠሩ ምግቦች በቅጠል ምልክት ይለያሉ። አስተናጋጅ ባለበት ቤት ሲቀመጡ «ቬጅቴሪያን» ማለት አይበቃም፤ ይህ ቃል እንቁላልና አይብን ስለማያስቀር «ቪጋን» ብሎ መናገር፣ ቀጠሮውን ሲይዙም ማስታወሻ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ጉዞውን ከነሐሴ 16 በኋላ ማድረግ የሚችል ቤተሰብ ግን ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

ትናንሽ ግን የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ቲፕ በፕላኑ ውስጥ የለም፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆነው ሲቀመጡ 18 በመቶ በራሱ ይታሰባል። ከፕላኑ ጋር የሚሰጠው መጠጥ የሚቀዳበት ኩባያ የሚያገለግለው በሆቴሎቹ እንጂ በፓርኮቹ ውስጥ አይደለም። ለውኃ የመክሰስ ክሬዲት አያውጡ፤ ፈጣን መስተንግዶ ቤቶች በረዶ ያለው ውኃ በነጻ ይሰጣሉ።

የመጨረሻውን ቀን መርሳት

ያልተጠቀሙበት ክሬዲት ሆቴሉን በሚለቁበት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቃጠላል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ክፍሉን የሚያስረክቡት ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ቢሆንም ክሬዲቱ ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ሻንጣውን ዘግቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ የከፈለበትን ምሳ ጥሎ ነው። ከመልቀቂያው ቀን በፊት ባለው ምሽት በመተግበሪያው ላይ የቀረውን ይቁጠሩ። በረራው ከሰዓት በኋላ ከሆነ የቀረውን የፈጣን መስተንግዶ ምግብ ለቀኑ ምሳ ያድርጉት። አራት ሰው ለአራት አዳር 16 መክሰስ ስለሚኖረው ከሁሉ በላይ የሚተርፈው እርሱ ነው። የተረፈውን በታሸገ ብስኩትና በለውዝ ይለውጡት እንጂ በጠርሙስ መጠጥ አይለውጡት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ አያልፍም፣ ብስኩቱ ግን እስከ ቤት ድረስ ልጆቹን ያደርሳቸዋል።