ልጅዎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያደርገውን ያለ ግርግር እንዴት ይከታተላሉ?

ብዙ ወላጅ ክትትል የሚጀምረው የልጁን ስልክ ተቀብሎ መልእክት በማንበብ ነው። ከዚያ በፊት ግን አካውንቱ ሲከፈት የተሞላው የልደት ዓመት ትክክል መሆኑን ይመርምሩ። ልጄ የተወለደችው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። መርካቶ ሄደን ስልክ ስንገዛላት የሱቁ ሠራተኛ «ኢሜይሉን እኔ ልክፈትላት» ብሎ ዓመቷን ጠየቀኝ፤ «2004» አልኩት፤ እንዳለ ጻፈው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተወለደችው በ2012 በመሆኑ፣ የ13 ዓመቷ ልጄ የ21 ዓመት ሴት ሆና ተመዘገበች። ጉግልና ቲክቶክ ለታዳጊዎች የሚያደርጉት ጥበቃ ባብዛኛው በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ ስለሆነ፣ እኛ ቤታችን ልደታ ቁጭ ብለን መልእክት ስናስስ አጥሩ ጭራሽ አልነበረም።

ስለዚህ አስቀድመው በጉግል አካውንቱ የግል መረጃ ገጽ ላይ የልደት ቀኑን ያስተካክሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ለተወለደ ልጅ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። ቲክቶክ ላይ ግን የተሞላውን የልደት ቀን ተጠቃሚው ራሱ መቀየር ስለማይችል አዲስ አካውንት መክፈት ይቀላል፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜም 13 ነው።

ቀጥሎ በእርስዎና በልጁ ስልክ ላይ የጉግልን ፋሚሊ ሊንክ ይጫኑ። በየትኛው መተግበሪያ ስንት ሰዓት እንደቆየ ያሳያል፤ አዲስ መተግበሪያ ከመጫኑ በፊት ፈቃድዎን እንዲጠይቅም ማድረግ ይቻላል። የመልእክቶቹን ይዘት አያሳይም፤ በእኔ አመለካከት ይህ ጉድለት አይደለም። በቲክቶክ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚለውን ከፍተው የሁለቱን አካውንቶች ያገናኙ፤ የቀኑን የሰዓት ገደብ፣ አስተያየት ሰጪዎችንና የግል መልእክትን ከራስዎ ስልክ ሆነው ይወስናሉ።

አስቸጋሪው ቴሌግራም ነው። ለወላጅ የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ የለውም፤ የክፍሉ ግሩፕም ወርክሺቱም እዚያው ስለሆነ «አጥፋው» ማለት አያዋጣም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጠው በሴቲንጉ የግላዊነት ክፍል ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያየው፣ ወደ ግሩፕና ቻናል ሊያስገቡት የሚችሉትም በስልኩ የመዘገባቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ያድርጉ። ከዚያም የግሩፖቹን ዝርዝር አብረው ወደታች ይውረዱ። ስሙ የክፍል የሚመስል፣ አባላቱ ግን 40,000 የሆኑ ግሩፕ ካጋጠመዎ፣ ይህን ያህል ተማሪ የሚይዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ ረጋ ብለው ይጠይቁት።

አንዳንድ ወላጅ የልጁን ቴሌግራም በራሱ ኮምፒውተር ላይ በድብቅ ይከፍታል። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ቴሌግራም ለባለአካውንቱ ወዲያው ስለሚያሳውቅ፣ ምሥጢሩ እስከ እራት ሰዓት አይቆይም። ለስለላ የሚሸጡ መተግበሪያዎች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ብዙዎቹን ለመጫን የስልኩን መከላከያ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የልጁ ፎቶና መልእክትም ወደማያውቁት ድርጅት ሰርቨር ይሄዳል። ልጅዎን ከማያውቁት ሰው ለመጠበቅ ብለው ለማያውቁት ሰው አሳልፈው እንዳይሰጡት።

ስልኩን ሳይነኩ የሚታይም ብዙ አለ። የሞላለት ፓኬጅ በሁለት ቀን ካለቀ፣ የሌሊት ፓኬጅ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ እርስዎ ሲገቡ ስልኩን በግንባሩ ከደፋ፣ ያስተዋሉትን በዚያው ቅጽበት አያንሱ፤ ምናልባት የጓደኛ ወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ወይም ታክሲ ሲጠበቅ ቢጠየቅ ይሻላል፤ ልጅ ዓይን ለዓይን ካልተያየ ይበልጥ ያወራል።

አንድ ሰው ፎቶ ወይም ገንዘብ እየጠየቀ የሚያስፈራራው ከሆነ ግን መታገስ አያስፈልግም። ልጁን ሳይቆጡ፣ ንግግሩን ሳያጠፉ፣ የላኪው መለያ ስምና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከዚያ በኋላ ላኪውን ያግዱት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም ድርጊትን ስለሚያካትት፣ ማስረጃውን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ ስልኩንም ፎርማት ሳያደርጉ አብረው ይውሰዱት።