ብል ሳይቀድማችሁ፦ የድሮ የአሜሪካ የአልጋ ልብስ ሲገዛም ሲያዝም የሚሠሩ ስህተቶች

ኦሃዮ፣ ፔንስልቬንያ ወይም ኢንዲያና የምትኖሩ ከሆነ እስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ በሙሉ ለሽያጭ የሚወጣበት) ስትዞሩ አንድ ቀን ማየታችሁ አይቀርም። ወፍራም፣ ከበድ ያለ፣ ሰማያዊና ነጭ ወይም ቀይና ነጭ የአልጋ ልብስ፣ ጽጌረዳና ወፍ የተሸመነበት፣ ከአሮጌ አንሶላ ጋር ተደራርቦ የተጣለ። እኔ እነዚህን ልብሶች በጣም ነው የምወዳቸው። አብዛኞቹ በ1800ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በእጅ የተሸመኑ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ ነው፣ ቀለም የገባው ደግሞ የበግ ፀጉር። ሰው ግን ልብሱን አገላብጦ ሳያይ ሻጩ ያወራለትን ይዞ ይሄዳል፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥጉ ላይ ያለውን ስም የሸማኔው ነው ማለት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ብዙዎቹ ልብሶች ከታች በኩል ጥጋቸው ላይ ስምና ዓመት፣ አንዳንዴም የከተማና የካውንቲ ስም ተሸምኖባቸዋል። የሴት ስም ካለ ሻጩ "ይቺ ሴትዮ ናት የሸመነችው" ይላችኋል። ብዙ ጊዜ ግን ስሙ ልብሱን ያሠራው ሰው ስም ነው። የራሱን ስም የሚያስገባ ሸማኔ አለ፣ የሁለቱንም የሚያስገባ አለ፣ ስሙን ትቶ ምልክት ብቻ የሚያስቀምጥም አለ። ኒውዮርክ ስቴት፣ ጄፈርሰን ካውንቲ የነበረው ሃሪ ታይለር ምልክቱ መጀመሪያ አንበሳ ነበር፣ በኋላ ንስር ሆነ። ከስኮትላንድ መጥተው ደቡብ ምሥራቅ ኢንዲያና የሠፈሩት የክሬግ ቤተሰብ ሸማኔዎች ደግሞ የፍርድ ቤት ሕንጻ ነበር የሚያደርጉት። ስለዚህ ስሙ አጠገብ "የሠራው" ወይም "የተሠራለት" የሚል ቃል አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ ጥጉን ሁሉ ደህና አድርጋችሁ እዩ። ጽሑፉ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ከታያችሁ ሌላኛውን ገጽ ነው የያዛችሁት፣ አዙሩት።

"የአያቶች ሥራ ነው" ብሎ ማለፍ

ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን የሥራውን ግማሽ ይደብቃል። በግ ያለው ቤተሰብ ፀጉሩን ይሸልታል። ሴቶቹ ያበጥራሉ፣ ይፈትላሉ፣ ብዙ ጊዜም ቀለሙን ራሳቸው ይነክራሉ። የጥጡ ክር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ተፈትሎ የተገዛ ነው። ከዚያ ክሩ ተይዞ ወደ ሸማኔ ይኬዳል፣ ሸማኔውም በአብዛኛው ከጀርመን፣ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድ ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ወንድ ነው። ፈተሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ መሆኑ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህም ቢሆን ሁሉንም ቤት አይገልጽም። በአፓላቺያ ተራሮች አካባቢ ሴቶች በየቤታቸው ይሸምኑ ነበር፣ ሥራቸውም እስከ 1900ዎቹ ዘልቋል። ኢንዲያና፣ ፋውንቴን ካውንቲ የነበረችው ሣራ ላቱሬት አባቷ ሸማኔ ነበር፤ እሱ ሲሞት ከወንድሟ ከሄንሪ ጋር ሆና ያንን የወንድ የተባለ ሙያ ቀጥላለች። በደቡብ እርሻዎች ደግሞ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች ሲፈትሉና ሲሸምኑ ኖረዋል። የእነሱን ስም ጥግ ላይ የጻፈ የለም። "የደቡብ እመቤት ሥራ" ተብሎ የሚሸጥ ልብስ ስታዩ ይሄ ትዝ ይበላችሁ።

ሁሉንም "ጃካርድ" ብሎ መጥራት

ጃካርድ የሚባለው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሊዮን ከተማ የሠራው መሣሪያ ነው። ተራ በተራ የሚገቡ የተበሱ ካርዶች አሉት። ቀዳዳው የትኛው የድር ክር ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር ይወስናል። አሜሪካ የገባው በ1820ዎቹ ነው። እሱ ከመጣ በኋላ አንድ ሸማኔ ጎበጥ ያለ የአበባ ቅጠል፣ የወፍ ክንፍ፣ ፊደልም ጭምር ያለ ረዳት መሸመን ቻለ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቀላል የሽመና ዕቃ የተሠሩ ልብሶች ግን ሞልተዋል። መለየቱ ከባድ አይደለም። ጌጡ ካሬ፣ አልማዝና በካሬ የተሠራ ክብ ብቻ ከሆነ ጃካርድ ላይሆን ይችላል። ጥፍራችሁን ላዩ ላይ ጎተት አድርጉት፤ ባለቀለሙ የሱፍ ማግ ከነጩ ጨርቅ በላይ ተንሳፍፎ ካለፈ ጥፍር ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ጨርቅ በአንድ ጊዜ የተሸመነ ነው። ጌጡ መሃል ላይ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ብትስቡት ላይኛውና ታችኛው ይለያያሉ፣ ውስጡ ኪስ ይሆናል። ሰማያዊው ከላይ ሲሆን ነጩ ከታች ነው፣ የጌጡ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን አንዴ በእጃችሁ ካያችሁት የሻጭ ወሬ አያሳስታችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርዶቹ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ መሃሉ ላይ ያለው ጽጌረዳ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሸማኔውም አንድ ነው አይባልም።

መሃሉ ላይ ያለውን ስፌት እንደ ጉዳት ማየት

"ተቀዶ ተሰፍቷል" ብለው የሚተዉ አሉ። አልተቀደደም። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ስለሚያቀብል ልብሱ ከክንዱ ስፋት ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ሁለት ጠባብ ልብስ ሸምኖ መሃል ላይ በእጅ ይሰፋል። ጌጡ ስፌቱ ላይ ትንሽ ቢዛነፍም የተለመደ ነው። እንዲያውም ስፌት የሌለው ሲያጋጥማችሁ ነው ጠጋ ብላችሁ ማየት ያለባችሁ። ሰፊ የሽመና ዕቃ የነበራቸው ሸማኔዎች ነበሩ፣ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ ኮርጆ ያወጣውም ስፌት የለውም። ሁሉም ጥጥ ከሆነ፣ ክሩ ከዳር ዳር አንድ ወጥ ከሆነ፣ ጠርዙም በማሽን ከተዘመዘመ የድሮ ብላችሁ አትክፈሉ።

ዓመት ያልተጻፈበትን በግምት ማስረጀትም ይቅር። ሙያው በጣም የተዳከመው ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነትና ከእሱ በኋላ በመጣው የፋብሪካ ዕቃ ነው። ግን አልጠፋም። በ1876 ፊላደልፊያ ላይ ለተደረገው የአሜሪካ ነጻነት መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን የሜሞሪያል ሆልን ሕንጻ መሃሉ ላይ ያደረጉ ልብሶች ተሸምነዋል። ቀለሙም ይረዳል። ሰው ሠራሽ ቀለም የተገኘው በ1856 ስለሆነ ደማቅ ወይን ጠጅ ያለበትን ልብስ "የ1830" ቢሏችሁ አትመኑ።

ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት

እባካችሁ ይሄን እንዳትሞክሩት። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ክሩ እርስ በርስ ተያይዞ ይኮማተራል፣ ጥጡ ግን እንደዚያ አይሆንም። ሁለቱ አንድ ልብስ ላይ ስላሉ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ያንን የሚመልሰው ነገር የለም። ቀዩ ቀለም ነጩ ላይ ከፈሰሰም እንደዚያው። አቧራውን ልብሱ ላይ ቀጭን ወንፊት ጨርቅ አስቀምጣችሁ በዝቅተኛ ጉልበት በቫኪዩም ሳቡት። ከዚያ ያለፈ ቆሻሻ ካለው የጨርቅ እድሳት ባለሙያ ጋ ነው የሚኬደው።

ብልን መናቅ

የብል ትል የሚበላው ፀጉሩን ነው፣ ጥጡን አይደለም። የተበላ ልብስ ወደ ብርሃን ብታነሡ ሰማያዊው አበባ የነበረበት ቦታ ላይ ነጩ ክር ብቻውን እንደ መረብ ቀርቶ ታያላችሁ። አዲስ የገዛችሁትን ቀጥታ ቁምሳጥን ውስጥ አታስገቡ፣ ሌላውን ያስበላባችኋል። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ አሽጋችሁ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት። አንድ ቀን ሙሉ ታሽጎ ይቆይ፣ ጠሉ ፕላስቲኩ ላይ እንጂ ልብሱ ላይ አይረፍ። ከዚያ በኋላ ግን ፕላስቲኩ ይውጣ። በታጠበ ነጭ የጥጥ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ቢቻል ሳይታጠፍ ካርቶን ጥቅል ላይ ተንከባሎ ይቀመጥ። ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ አይሆንም፣ ምስማር ላይ መስቀልም አይሆንም።

ቆርጦ ትራስ ማድረግ

ግማሹ በብል ያለቀ ነው ተብሎ ለትራስና ለአሻንጉሊት የተቆረጠ አይቼ አዝኛለሁ። የተጎዳ ልብስ ላይም ቢሆን ጥጉ ካለ ስሙ፣ ዓመቱና ቦታው አለ። ከመቁረጥ በፊት አራቱንም ጥግ፣ ጠርዙንና ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ። ከማን እንደተገዛ፣ ከየትኛው ካውንቲ እንደመጣ ጻፉ፣ ሻጩ ቤተሰብ ከሆነም ልብሱ የማን እንደነበረ እዚያው ጠይቁ። ዲሲ ያለው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስቡን በኢንተርኔት ስላወጣው ከቤታችሁ ሆናችሁ ማነጻጸር ትችላላችሁ። ፔንስልቬንያ ያላችሁ ደግሞ ላትሮብ ከተማ፣ ሴንት ቪንሰንት ኮሌጅ የማካርል ስብስብ የሚባል የእነዚህ የአልጋ ልብሶች ስብስብ አለው።