ለጃዝ ሙዚቀኛ የሙዚቃ መታሰቢያ ስታዘጋጁ ከነዚህ ስህተቶች ራቁ

የሚወደድ የጃዝ ሙዚቀኛ ሲያርፍ "መታሰቢያው በሙዚቃ ይሁን" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ሀሳቡም ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ስላዘነና ስለሚወደው ብቻ ዝግጅቱ በራሱ የሚያምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አያምርም። እንደ ማንኛውም ኮንሰርት ልምምድ ይፈልጋል፣ ሳውንድ ቼክ ይፈልጋል፣ "በቃ" የሚል ሰው ይፈልጋል፣ እንዲያውም ከኮንሰርት ይብሳል ምክንያቱም እዚህ ማንም ማንንም መቆጣት አይደፍርም። ስህተቶቹን በክብደታቸው አልደረደርኳቸውም፣ የመጀመሪያው ግን የሁሉም አባት ነው።

እሱም መድረኩን ለመጣው ሁሉ ክፍት ማድረግ። "መሳሪያህን ይዘህ ና" ትላላችሁ፣ ሁሉም ይዞ ይመጣል፣ ከዛ ሳክስፎን የያዘ ሰው ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ሂሳቡን እዩት እስኪ፦ 32 ባር ያለውን ዜማ በ4/4 (ለአንድ ባር አራት ምት) በደቂቃ 120 ምት ብትጫወቱት አንዱ ዙር፣ ማለትም ዜማው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 64 ሰከንድ ይፈጃል፣ 8 ሰው ሦስት ሦስት ዙር ሶሎ (እየፈጠረ ለብቻው የሚጫወተውን) ከወሰደ ዋናውን ዜማ ሳንቆጥር 25 ደቂቃ ሄደ፣ ያውም አንድ ዜማ ላይ። አራተኛው ሶሎ ላይ ሰዉ ሟቹን ረስቶ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ የሙዚቃ ኃላፊ ይኑር፣ ፒያኖ ቤዝና ድራም ምሽቱን ሙሉ የማይቀያየሩ ይሁኑ፣ ነፊዎቹ ብቻ እየተፈራረቁ ይውጡ፣ ለአንድ ሰው አንድ ዙር፣ ሰው ከበዛም አራት አራት ባር ይቀባበሉ። ስሙ ያልተጠራ ይከፋዋል፣ ይክፋው። ታዋቂው ሳክስፎኒስት ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሞት ኒውዮርክ በሙዚቀኛ ተሞልታ ነበር፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተክርስቲያን በተደረገው ሽኝት ላይ ግን የተጫወቱት የሳክስፎኒስቶቹ የአልበርት አይለርና የኦርኔት ኮልማን ባንዶች ናቸው፣ አንዱ ከፈተ ሌላው ዘጋ። ለኮልትሬን ሁለት ባንድ ከበቃ ለናንተም ሰው ሃያ ሰው መደርደር ግዴታ አይደለም።

ሌላው ሁሉንም ነገር ባላድ ማድረግ ነው። ሀዘን ስለሆነ ቀስ ያለ ይሁን ይባልና ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ አይነት ፍጥነት፣ በዛ ላይ ሰውየው በህይወቱ ፈጣን ነገር የሚወድ ከነበረ ጭራሽ ስለሱ አይመስልም። የአሜሪካዋ ከተማ የኒው ኦርሊንስ ሰዎች ይሄን ድሮ ነው የፈቱት፦ ወደ መቃብር ሲሄዱ ብራስ ባንዱ መዝሙር በዝግታ ይጫወታል፣ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ታፍኖ የነበረው ድራም ይለቀቅና ሞቅ ያለው ይጀመራል፣ ከኋላ የሚከተለው ህዝብም ጃንጥላና መሀረብ እያውለበለበ ይጨፍራል፣ ሰከንድ ላይን የሚሉት እሱን ነው። ከነሱ የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው፣ መጀመሪያ ማልቀስ ከዛ መነሳት። ጃንጥላውንና መሀረቡን መገልበጥ ግን ሌላ ስህተት ነው። እድሜውን ሙሉ በትሪዮ (በሦስት ሰው ባንድ) ለስለስ ያለ ፒያኖ የተጫወተን ሰው በቱባና በባስ ድራም ብትሸኙት ዘመዶቹ ራሱ ማን እንደሞተ ግራ ይገባቸዋል።

የዜማ ምርጫ ላይ ደግሞ የሰው ዜማ ብቻ መጫወት አለ። ሳክስፎኒስቱ ቤኒ ጎልሰን እ.ኤ.አ. በ1956 በመኪና አደጋ በ25 ዓመቱ ለሞተው ትራምፔተኛ ለክሊፈርድ ብራውን የጻፈው ባላድ አለ፣ በጣም ያምራል፣ ግን የክሊፈርድ ነው፣ ጎልሰን እኮ ጓደኛው ሲሞትበት ያለውን ዜማ አላነሳም፣ ቁጭ ብሎ አዲስ ጻፈለት። የናንተም ሰው የራሱ ድርሰቶች ካሉት መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ። እዚህ ጋ ጊዜ ይፈልጋል ምክንያቱም ኖታዎቹ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፉ፣ ግማሹ የጠፋ፣ የመሳሪያ ሳጥን ውስጥ የተጣጠፉ ናቸው፣ የጠፋውን ከቅጂ እየሰማ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ስታገኙትም ለየትኛው መሳሪያ እንደተጻፈ አረጋግጡ፦ ቴነር ሳክስፎንና ትራምፔት በቢ ፍላት ነው የሚጻፍላቸው፣ አልቶ በኢ ፍላት፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ ያለው ኖታና ከመሳሪያው የሚወጣው ድምፅ ይለያያል፣ የቴነሩን ወረቀት ፒያኒስቱ እንዳለ ካነበበው ከነፊው አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ብሎ ይገኛል። ይሄንን መድረክ ላይ ማወቅ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

ንግግር። አጭር ይሁን፣ ከሁለት ዜማ በኋላ አንድ ሰው፣ ሦስት አራት ደቂቃ። የህይወት ታሪኩ ወረቀት ላይ ታትሞ ይታደል፣ የት ተወለደ የት ተማረ እያሉ ማይክ ላይ ማንበብ አያስፈልግም። ተናጋሪውን "ስለሱ ተናገር" ከማለት "ኮርድ ስትሳሳት ምን ይልህ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ያኔ ሰውየው ራሱ ይመጣል። ቤተሰቡን ደግሞ አስቀድማችሁ አማክሩ፣ መናገር የማይፈልግን ሰው በድንገት "እስኪ ባለቤቱን ወደ መድረክ" ማለት ጭካኔ ነው።

መሳሪያው ላይ ጠብ ይነሳል፣ እውነቴን ነው። አንዱ ጓደኛ "የሱን ሳክስፎን ልንፋ" ይላል፣ ሌላው "አይነካም"። ወሳኙ ቤተሰቡ ነው፣ አለቀ። ከተፈቀደም ቀደም ብሎ ለጥገና ባለሙያ ይታይ፣ ለወራት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሳክስፎን ቀዳዳዎቹን የሚዘጉት ፓዶች ይደርቃሉ ይጣበቃሉ፣ የትራምፔት ቫልቭም ዘይት ካልነካው ይይዛል፣ እና መሳሪያው በሰው ፊት ሲንጫጫ መስማት ለማንም ጥሩ አይደለም። ካልተፈቀደ ስታንዱ ላይ መብራት በርቶበት ይቀመጥ። እኔ በጣም የምወደው ሌላ ዘዴ አለ፦ የሱን ሶሎ ቦታ ባዶ መተው፣ ሪትም ሴክሽኑ (ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም) አንድ ሙሉ ዙር ይጫወታል ማንም አይነፋም። ስህተቱ ይሄን ሳይነግሩ ማድረግ ነው፣ ሳውንድ ላይ ያለው ልጅ ማይኩ ሞተ ብሎ መድረክ ላይ ይሮጣል፣ አንዱ የዋህ ነፊም ክፍተት አገኘሁ ብሎ ይገባበታል።

ቦታ ስትመርጡ ለክብር ብላችሁ ትልቁን አዳራሽ አትያዙ። ታዋቂው የባንድ መሪና ፒያኒስት ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሞት ሽኝቱ ኒውዮርክ ባለው ግዙፉ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ነበር፣ ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድም ዘፍናለታለች፣ ግን እሱ እዛው ካቴድራል ውስጥ በ1968 ሁለተኛውን የመንፈሳዊ ሙዚቃ ኮንሰርቱን አቅርቦበታል፣ ቦታው ያውቀዋል። እንዲህ አይነት ጣሪያው ሩቅ የሆነ የድንጋይ ህንጻ ውስጥ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፣ ቢቦፕ የሚባለውን ፈጣን ጃዝ ብትጫወቱ ድራሙ ከራሱ ማሚቶ ጋር ይጣላል፣ ስለዚህ ወይ በድራም ዱላው ፋንታ ብሩሽ ተጠቀሙ ወይ ፍጥነቱን ቀንሱ። ፒያኖው ደግሞ ከተጓጓዘ በኋላ ይቃኝ፣ ሳይጓዝ ተቃኝቶ ከሆነ ገንዘቡን ጣላችሁት።

ቀረጻና ገንዘብ ቀሩ። ላይቭ የምታስተላልፉ ከሆነ በመሃል የሟቹን ታትሞ የወጣ ሙዚቃ በስፒከር አትክፈቱ፣ ሶሻል ሚዲያዎቹ በራሳቸው ለይተው ድምፁን ያጠፉባችኋል፣ ውጭ ሀገር ሆኖ የሚከታተለው ዘመድ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያል። መዋጮ ከተሰበሰበም ለማን እንደሚሄድ መጀመሪያ ላይ ይነገር፣ ለልጆቹ ነው፣ ለህክምና እዳው ነው፣ በስሙ ለሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው፣ ግልጽ ይሁን። ምሽቱን ሙሉ የተቀመጡት ፒያኒስት ቤዚስትና ድራመር በነጻ ነው የሚጫወቱት ወይስ ይከፈላቸዋል የሚለውም ከዚያ ቀን በፊት ይወሰን፣ "ለጓደኛችን አይደል እንዴ" ብሎ መጨረሻ ላይ ትከሻ መታ መታ አድርጎ መሸኘት ነውር ነው። ቅጂው ለቤተሰቡ ሳይቆራረጥ ሙሉውን ይሰጥ፣ የተሳሳተ ኖታ ያለበትም ይግባ፣ ለፌስቡክ የሚሆነውን አጭሩን በኋላ ትሠሩታላችሁ።