ያረጀ የቤተ ክርስቲያን ጥልፍ ፍሬም ልታስገቡ ነው? ሙጫ አታስነኩት

ከአያት የወረሳችሁት የሐር መጎናጸፊያ ወይም በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ መስቀል ካላችሁ፣ ፍሬም ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ሙጫና ፕላስተር በፍጹም አይንካው። ሙጫ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ክሩንም ይዞት ይሰባበራል።

ይልቅ በደንብ የታጠበ ነጭ አቡጀዴ ከአሲድ ነጻ በሆነ ካርቶን ላይ ወጥሩና ጥልፉን በቀጭን መርፌና በስስ ክር ዳር ዳሩን ያዝ ያዝ አድርጉት፤ መርፌው በክሮቹ መሃል ይለፍ እንጂ ክሩን አይውጋ፣ ስፌቱም አይጥበቅ።

መስታወቱ ጨርቁን መንካት የለበትም። ፍሬም ሠሪው በመሃላቸው ትንሽ ክፍተት እንዲተው ንገሩት፣ አለዚያ እርጥበት ይታፈንና ይሻግታል። ሐር ብርሃን አይችልም፤ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም፣ ስለዚህ ፀሐይ የማታገኘው ግድግዳ ምረጡ። ጧፍና ዕጣን ከሚጨስበት የጸሎት ጥግም ራቅ ይበል፣ ጥቀርሻው በጥልፉ ውስጥ ይገባል።

ወርቀ ዘቦ ያለበትን ለማጠብ እንዳትሞክሩ፣ እባካችሁ! ሲነካ የሚበጣጠስ ከሆነ ደግሞ ፍሬሙ ይቅርበት። ሳታጥፉ፣ ከአሲድ ነጻ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።