ደመወዝ ገባ፣ ደመወዝ አለቀ፦ አዲስ ተመራቂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲግሪ ይዞ የወጣ ሰው ብዙ ነገር ተምሯል። የሥራ ውል እንዴት እንደሚነበብና የብድር ወለድ እንዴት እንደሚሰላ ግን አብዛኛው ሰው ሳይማር ነው የሚመረቀው። ከዚያ ደመወዝ ሲጀምር ዙሪያው ሁሉ መካሪ ይሆናል። አንዱ "ቆጥብ" ይላል፣ ሌላው "እስኪ አሁን እንኳን ዘና በል" ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሥራና ገንዘብ ለየብቻ የሚታሰቡ ነገሮች አይደሉም። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው መጥፎ አለቃን ጥሎ መሄድ አይችልም። ስለ ደመወዝ ሲደራደርም አፉን ሞልቶ አይናገርም። ከታች ያሉት ስህተቶች ዞረው ዞረው እዚሁ ጋ የሚያደርሱ ናቸው።

በወረቀት ላይ ባለው ደመወዝ ማቀድ

ስትቀጠሩ የሚነገራችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ ደመወዙ ነው። እጃችሁ የሚገባው ግን ግብር፣ የጡረታ መዋጮና ሌላም ተቀናሽ ከወጣለት በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት "የተጣራው ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ምንም አያሳፍርም።

ሌላም አለ። ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው ከተሠራ በኋላ ነው። በወሩ አጋማሽ ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ክፍያ የግማሽ ወር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ወደሚቀጥለው ወር ይገፋል። ትራንስፖርቱ፣ ምሳው፣ የሥራ ልብሱና የኪራይ ቅድመ ክፍያው ግን ደመወዝ እስኪገባ አይጠብቁም። ብዙ ሰው ሥራውን ሳይለምድ ዕዳ የሚለምደው እዚህ ጋ ነው።

የቀረበውን ደመወዝ ዝም ብሎ መቀበል

"ገና ጀማሪ ነኝ፣ ምን ብዬ እደራደራለሁ?" ይባላል። ይገባኛል። ግን ቁጥሩን እዩት። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ጀመሩ እንበል፤ አንዱ በ10,000 ሌላው በ11,000፣ ሁለቱም በየዓመቱ 5 በመቶ ጭማሪ ያገኛሉ። ከ10 ዓመት በኋላ የወር ልዩነታቸው 1,000 ሆኖ አይቆይም፤ ከ1,600 ያልፋል። ጭማሪ በመቶኛ ስለሚሰላ የመነሻው ክፍተት አብሮ ያድጋል።

መደራደር ማለት መጨቃጨቅ አይደለም። ለተመሳሳይ ሥራ ሌላ ቦታ ምን ያህል እንደሚከፈል አጣርቶ "ይህ የሚሻሻልበት ዕድል አለ?" ማለት በቂ ነው። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። ያኔ የደመወዝ ግምገማው መቼ እንደሆነ ጠይቁና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ለመልቀቅ የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ? ትርፍ ሰዓት ይከፈላል? ሥልጠና ከሰጧችሁ በኋላ ብትለቁ ወጪውን መልሱ የሚል አንቀጽ አለ? አሠሪው እናንተ በምታዋጡት ልክ ለጡረታ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ያንን አለመጠቀም የራስን ደመወዝ ጠረጴዛ ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው።

ቋሚ ወጪ መከመር

ደመወዝ ሲጀምር ሰው የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው። አንድ ቀን ጓደኞቹን ጋብዞ ብዙ ያወጣ ሰው ሌሊቱን ሲጸጸት ያድራል። በእርግጥ ያ ገንዘብ ሄዷል፣ ግን አንዴ ነው የሄደው። አደገኛው በየወሩ ተመልሶ የሚመጣው ነው፦ ከአቅም በላይ የሆነ ኪራይ፣ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ የተወሰደ ስልክ፣ የተረሳ የኢንተርኔት ደንበኝነት፣ ለመኪና የተወሰደ ብድር። አንዴ ከፈረማችሁ እነዚህን ለመቀነስ ቤት መቀየር፣ ዕቃ መሸጥ ወይም መዋረድ ሊያስፈልግ ነው።

የወር ወጪያችሁን ለሁለት ክፈሉት። ነገ ሥራ ብታጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልታቆሙት የምትችሉት በአንድ ወገን፣ የማትችሉት በሌላ ወገን። ሁለተኛው ወገን ከተጣራ ደመወዛችሁ ግማሹን ካለፈ ሥራው እናንተን ይዟችኋል ማለት ነው። ግማሽ የሚለው ሕግ አይደለም፣ የእኔ መስመር ነው። (የክፍል ጓደኛችሁ መኪና ይዞ ፎቶ ለቀቀ? የማን ዕዳ እንደሆነ ፎቶው አይናገርም።)

"የተረፈውን እቆጥባለሁ"

አይተርፍም። ቁጠባው ደመወዝ በገባበት ዕለት ከሌላው ሂሳብ ተለይቶ ካልወጣ ወሩ ይበላዋል። የተለመደው ምክር የ3 ወይም የ6 ወር ወጪን የሚሸፍን መጠባበቂያ ይኑራችሁ የሚል ነው። ለጀማሪ ይህ ተራራ ይመስላል፤ መጀመሪያ የአንድ ወሩን አሟሉ።

አሁን አንድ ስሌት። ከተጣራው ደመወዝ 10 በመቶ እየቆጠባችሁ 90 በመቶውን ካወጣችሁ፣ የአንድ ወር ወጪያችሁን የሚሸፍን ገንዘብ የሚጠራቀመው በ9 ወር ነው። 25 በመቶ ብትቆጥቡ ግን በ3 ወር ይሞላል፤ ምክንያቱም የሚቆጠበው ሲበዛ የሚያስፈልገው የወር ወጪም ያንሳል። ለዚህ ነው ከቤተሰብ ጋር ወይም ከጓደኛ ጋር ተጋርቶ የሚኖርባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ወርቅ የሚሆኑት። ሰው ግን ቶሎ ለብቻው ለመውጣት ይቸኩላል።

የወለዱን ቁጥር እንደተነገረ ማመን

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። "በወር 3 በመቶ ብቻ" ሲባል ቀላል ይመስላል። በዓመት 36 ነው ብላችሁ ታሰላላችሁ። ካልከፈላችሁት ግን ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልድና በዓመቱ ከ42 በመቶ ያልፋል።

ሁለተኛው ዘዴ ይብሳል። 12,000 ተበደራችሁ፤ ወለዱ 10 በመቶ ነው፣ በ12 ወር በእኩል ትመልሳላችሁ ተባለ። ወለዱ 1,200፣ በየወሩ 1,100። ጥሩ። ግን ዋናውን ገንዘብ በየወሩ እየመለሳችሁ ስለሆነ 12,000ው ዓመቱን ሙሉ እጃችሁ ላይ አልቆየም። በአማካይ እጃችሁ ላይ ያለው 6,500 ገደማ ነው። ወለዱ የተሰላው ግን ከመጀመሪያው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የዓመት ወለድ ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። አበዳሪውን መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው፦ "ወለዱ የሚሰላው ከዋናው ነው ወይስ ከቀሪው ዕዳ?" መልሱ ከተድበሰበሰ ተነሱና ውጡ።

ይሉኝታ

የሥራ ባልደረባ ለብድር ዋስ ሁኑልኝ አለ። መፈረም ሥነ ሥርዓት ብቻ ይመስላል፤ እሱ ካልከፈለ ግን ከፋዩ እናንተ ናችሁ። ደንቤ አጭር ነው፦ ገንዘቡን በስጦታ ልሰጠው ለማልችለው ሰው ዋስ አልሆንም። ቤተሰብ መርዳት የሌላ ዓይነት ጉዳይ ነው። እሱን በወር በጀት ውስጥ በተወሰነ ቁጥር አስገቡት። በተጠየቁ ቁጥር መስጠት እናንተንም እነሱንም ያደክማል።

ገንዘቡን አስተኝቶ መተው፣ ወይም በአንድ ሌሊት ለማብዛት መሞከር

72ን ለዓመታዊ የዋጋ ንረቱ አካፍሉ። የገንዘባችሁ የመግዛት አቅም በስንት ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ በግምት ይነግራችኋል። ንረቱ 10 በመቶ ከሆነ 7 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሰው ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ጽፎታል። መጠባበቂያው ባንክ ይቀመጥ፣ ከዚያ የተረፈው ግን ሥራ ይፈለግለት። ለጀማሪ ደመወዝን የሚያሳድግ ሙያ መማርም አንዱ ሥራ ነው።

ግን ቀስ። ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ብዙ ሰው ሰብስቧል። ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋላ ከመጡት በወሰደው ገንዘብ ነበር። ዛሬ ይህ ነገር በስልክ መተግበሪያ ይመጣል፣ ሰው ካመጣችሁ ኮሚሽን ይላል፣ የመጀመሪያውን ትርፍ በሰዓቱ ይከፍላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ተናዶ መልቀቅ

ሌላ ሥራ ሳይዙ፣ መጠባበቂያም ሳይኖር "በቃኝ" ብሎ መውጣት። አንዳንዴ መውጣት ግዴታ ነው፤ ጤናን የሚበላ ሥራ አለ። ያለዚያ ግን የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ጨርሱ፣ ሥራውን በሥርዓት አስረክቡ፣ ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይተካ እንደሆነ ጠይቁ። ውሉንና የደመወዝ ወረቀቶቹን በራሳችሁ እጅ አኑሩ፤ የቢሮ ኢሜይል በወጣችሁ ማግስት ይዘጋል። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ስትቀበሉ ደግሞ ስማችሁ፣ የሥራ መደቡና የጀመራችሁበት ቀን በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።